ተራዬን መልሱልኝ

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ዝም ብል ግፍ ይሆንብኛል። ግፍ እንደማልወድ ደግሞ ጭሮ ከተማ ያላችሁ ታውቃላችሁ። ስሙ ይባረክ!

ጌታን ሳላውቅ አፈኛ ነበርኩ። ገበያ ወጥቼ ሚዛን ከሚያጋድል ነጋዴ ጋር ሳልጣላ አልገባም። ሰው ሲፈራኝ ያከበረኝ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ስኳር እግሬን በላው። ሐኪሙ «እማማ፣ ከጉልበትዎ በታች ካልቆረጥነው እርስዎን እናጣለን» አለኝ። ተቆረጠ። ኋላ ሰው ሠራሽ እግር ተሠራልኝ፤ በግራ በቀኝ ሁለት የብረት መደገፊያ ይዤ እንደ ሕፃን መሄድ ተማርኩ። ያስተማረችኝ ባለሙያ «እግሩን ለምደውታል፤ የቀረው ሰው መሃል መግባት ነው» አለችኝ።

የትኛው ሰው መሃል? በሰፈራችን የሴቶች እድር ለቅሶ ቤት የምናግዘው በተራ ነው። ስም ይጠራል፤ ውሃ የምትቀዳው ትቀዳለች፣ ሽንኩርት የምትልጠው ትልጣለች። ሰብሳቢዋ ፋጡማ ግን እንደ እናት አክብራ «አዴ በላይነሽ፣ እርስዎን ማስቸገር ነውር ነው፤ ይረፉ» አለችኝ። ስሜ መጠራቱ ቀረ። ጎረቤቶቼ ለቅሶ ሲሄዱ ደጄ ጋ ሲደርሱ እንዳይከፋኝ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ወገኖቼ፣ ያ ሹክሹክታ እግሬን ከቆረጠው መጋዝ ይብስ ነበር። ሁለት ክረምት እንዲህ ተቀመጥኩ።

አንድ ቀን ከሂርና የመጣች አማኝ ጎረቤቴ፣ ትዕግሥት፣ አንኳኳች።
«እትዬ፣ የሐሙስ ጸሎታችን እርስዎ ቤት ይሁን?»
«እኔ ምን ላስተናግድ እችላለሁ? አታዪኝም?»
«ወንበር አለዎት?»
«አንድ።»
«እርስዎ ይቀመጡበት። ምንጣፍ እኛ እናመጣለን።»

መጡ። እረኛው በጎቹን በየስማቸው እንደሚጠራ ተነበበ። ሃሌሉያ! እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። «ጌታ ሆይ፣ ሰው ዘለለኝ፤ አንተ አልዘለልከኝም» አልኩት። ያን ሐሙስ ተቀበልኩት።

በሚቀጥለው ለቅሶ ድንኳኑ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ፋጡማ ስም ጠርታ ጨረሰች። እኔ የለሁም።
«ፋጡማ! ሟቹ ማነው? እኔ ነኝ?»
«ወላሂ አዴ፣ አዝነንልዎት ነው!»
«ሐዘንሽን ለባለ ለቅሶው አድርጊው። የተቆረጠው እጄ አይደለም፤ ቢላ ስጪኝ!»
ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ። ፋጡማ አጎንብሳ መዝገቡ ላይ ጻፈችኝና ጮክ ብላ ጠራችኝ። ክብር ለጌታ!

አልዋሻችሁም፣ እግሬ አልበቀለም። ሲመሽ አውልቄው ስቀመጥ ቤቱ ዛሬም ጭር ይላል። ግን ከማን ጋር እንደምነጋገር አውቃለሁ፤ ተመስገን! በሩን ዘግቶ የተቀመጠ ሰው ካለ ይህን ጌታ ይመነው፤ በስም ይጠራዋል።

እናንተ ደግሞ፣ ወገኖቼ፣ አሜን ከማለታችሁ በፊት አንድ ነገር። በቤተ ክርስቲያናችን የጽዳት ተራ ዝርዝር ላይ ስሜን ፈልጌ አጣሁት። ጻፉልኝ።