ጠዋት የማትጮኸው መኪና

መኪናዋ ጠዋት ጠዋት ጨዋ ነበረች። ረፋድ ላይ ሞተሩ ሲሞቅ ግን እግሬን ከቤንዚን ፔዳሉ አንሥቼ፣ ያለ ማርሽ ቆማ እንኳ እሪ ትላለች። መኪና ቆሞ ሞተሩ ቀስ ብሎ የሚሠራበትን ልክ እኛ ሾፌሮች ሚኒሞ እንለዋለን። የእኔዋ ልክ የሚባል ነገር አጥታ ነበር። በባሕር ዳር ጎዳና ሳልፍ ብስክሌተኞች ዘወር እያሉ ያዩኛል፤ እኔም የሆነ ሰው ሰደበኝ ይመስል በንዴት አፈጥባቸዋለሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እስከ ቁንዝላ ድረስ ለገበሬዎች ዘር የሚያደርስ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሾፌር ነበርሁ። ቤንዚን የሚገኘው በኩፖን ነው፤ ቆማ የምትጮህ መኪና ደግሞ ቆማ ትጠጣለች። አንድ ዓርብ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ቢሮው አስጠርቶ፣ «እስከ ሰኞ ካልተስተካከለች ጉዳዩን ለበላይ እጽፋለሁ። ሰዎች አሻጥር ነው እያሉ ነው» አለኝ። አሻጥር ያኔ እንደ ዋዛ የሚነገር ቃል አልነበረም። በዚያ ቃል ተጠርተው የሄዱ ሁለት ሰዎች አውቃለሁ፤ ሁለቱም አልተመለሱም።

ቅዳሜን ሙሉ ከሞተሩ ሥር ዋልሁ። የፔዳሉ ሽቦ ተጣብቆ እንደሆነ አየሁ፤ አልተጣበቀም። መላሿ ሞላ ደህና ናት። ለማለዳ ብርድ የምንስበው አሪያ ሙሉ በሙሉ ተመልሷል። ሚኒሞ የምታስተካክለውን ብሎን በካቻቪቴ እስከ መጨረሻ ፈታሁ፤ መኪናዋ ጭራሽ አልሰማችኝም። ጎማዋን በእርግጫ መትቼ የገዛ ጣቴን ጎዳሁ።

ያላየሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም ያላየሁት በኩራት ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት በካርቡራቶሩና በሞተሩ መካከል የምትገባው፣ አየር እንዳይሾልክ የምታግደው ስስ ጓርኒሲዮን ተበጣጥሳ ነበር። በከተማው ብፈልግ ምትክ ጠፋ። አባቴ ብራና ጸሐፊ ነበሩ፤ ለዓይናቸው ሕክምና ከሐይቁ ዳር ደብራቸው መጥተው ፔዳ በሚባለው ሰፈር ከተከራየኋት ክፍል ከእኔ ጋር ተቀምጠው ነበር። ከጓዛቸው መዳፍ የምታህል ቁራጭ ብራና ሳላስፈቅድ ወስጄ ጓርኒሲዮን አድርጌ ቆረጥኋት። በእኛ ቤት ብራና ማለት ከነገሥታት ዕድሜ በላይ የሚኖር ነገር ነው። ስንት ዘመን የቻለ ነገር ለአንዲት አሮጌ መኪና ያንሳል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ለማንም አልተናገርሁም፤ በመንግሥት መኪና ላይ ያልተፈቀደ ነገር መግጠም ራሱ ያስጠይቃል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባቴ ወደ መሥሪያ ቤቱ ግቢ አብረውኝ መጡ። መሪ ጨብጠው አያውቁም። ከመኪናዋ ጎን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «በል እስቲ አስነሳት» አሉ። አስነሳሁ። ቀስ ብላ ሠራች። እኔ ሰዓቴን አሥር ጊዜ አያለሁ፤ እሳቸው ግን የድጓ ተማሪ የሚሰሙ ይመስል አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ ከፍ፣ ከፍ፣ ከዚያ እሪ አለ።

«ማታ ምን ታረጋታለህ?» አሉኝ።

«ምንም። እዚሁ ሐይቁ ዳር ታድራለች።»

«እርጥበት ጠጥታ ታድርና ጠዋት ደኅና ትሆናለች። ሲሞቃት ትታመማለች። እዚያ ውስጥ እርጥበት የሚወድ፣ ሙቀት የሚፈራ ምን አለ?»

የጠየቀኝ መካኒክ ቢሆን ኖሮ እዋሸው ነበር፤ ለእሳቸው ግን አልቻልሁም። «ብራና አለ፣ አባባ። ከእርስዎ ጓዝ ወስጄ ነው» አልሁ።

አልተቆጡም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ፊደል ነበረበት?»

«የለበትም። ባዶ ጠርዝ ነው።»

«ተመስገን» አሉና ወደ ሞተሩ ጎንበስ አሉ። በጣታቸው ትንሽ ዘይት ነክረው እኔ ባሳየኋቸው የካርቡራቶር ግርጌ ዙሪያ፣ ብራና ላይ መስመር እንደሚያሰምር ሰው ቀስ ብለው ቀቡ። አንዱ ጥግ ላይ ሲደርሱ ዘይቱ ወደ ውስጥ ተሳበና ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጮኸ። ቀዳዳው እዚያ ነበር። ያን ጊዜ የተሰማኝ ደስታ እስካሁን አለ፤ በሾፌርነት አምስት ዓመት ሠርቼ ያላየሁትን አባቴ ተቀምጠው ሰሙት።

ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ፈታሁት። ብራናዋ ጠርዟ ተጨማድዶ ወደ ላይ ተጠቅልላለች። አባቴ በአሮጌ ዶሴ ሽፋን ላይ የጓርኒሲዮኗን ልክ አስምረው፣ ቀዳዳዎቹን በወስፌ አመልክተው፣ በብርዕ መቅረጫ ቢላቸው ቆረጡት። ዓይናቸው በደንብ አያይም፤ እጃቸው ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላመነታም። ዘይት አጠጥተን ገጠምነው። ብሎኗን መልሼ አስተካከልሁ። መኪናዋ ከሞቀች በኋላም ረጋ ብላ ሠራች፤ አባቴም በዕውቀታቸው ሳይኩራሩ «ራበኝ» ብቻ አሉ።

ሰኞ ለኃላፊው «ብሎን ላልቶ ነበር» ልል ተዘጋጅቼ ነበር። አባቴ ግን ሳልጠራቸው ተከተሉኝ። ቢሮው ግድግዳ ላይ መፈክር ተለጥፏል፤ በዚያ ቢሮ ሻሽ የጠመጠመ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሲገባ አይቼ አላውቅም። ኃላፊው «ጥፋቱ ምን ነበር? የወለቀውን ዕቃ አምጣ» አለኝ። አባቴ ከነጠላቸው ሥር የተጨማደደችውን ብራና አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ብራናው የእኔ ነው፣ ጌታዬ። ግጠመው ብዬ የሰጠሁትም እኔ ነኝ። ሙቀት እንዳይነካው ልነግረው ሲገባኝ ረሳሁት። ጥፋት ካለ እኔን ይጠይቁ።»

ኃላፊው ብራናዋን አገላብጦ አየ። ከመስኮቱ ውጭ መኪናዋ ቆማ ትሠራ ነበር፤ ድምፅዋ እምብዛም አይሰማም። ጥቂት አዳመጠና «ይውሰዱት፣ አባት። አንተም ወደ ሥራህ» አለ።

አባቴ አንዲት ፊደል ቢሳሳቱ ሙሉ ገጽ ፍቀው እንደገና የሚጽፉ ሰው ነበሩ። ብራና ከእሳት እንዳላስጠጋ ደግሞ ልጅ ሳለሁ ነግረውኛል፤ አንድ ጊዜ ከምድጃ አጠገብ ባስቀምጥ እጄን መትተውኛል። የረሳሁት እኔ ነኝ እንጂ እሳቸው አልረሱም፤ ብራናውንም አልሰጡኝም። በሕይወታቸው ሲዋሹ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ የዋሹትም ለእኔ ሲሉ ነው።