ክንዴ ላይ የደበቅሁት ማተብ

ከጎባ የወጣሁበት ማታ ዝናብ ነበር። የጎባን ዝናብ ታውቁታላችሁ፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ለመሰነባበት እንኳ መጮህ አለበት። እናቴ "በሶውን ከላይ አድርጊው!" ትላለች፣ እኔ "የቱ ጋ?" እላለሁ፣ ልጄ ብሌን ደግሞ ሻንጣው ላይ ተቀምጣ "አልነሳም" ትላለች። ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። በዚህ መሐል የነፍስ አባቴ መምሬ ይልማ ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ። ጸሎት አድርሰው ሲያበቁ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ በሁለት ጣታቸው ያዝ አደረጉና "ይሄማ አርጅቷል፤ ባሕር የሚሻገር አይመስልም" ብለው ከኪሳቸው አዲስ ጥቁር ክር አወጡ። አስረውልኝ ሲጨርሱ "ሰው በማተቡ ሲምል የሚታመነው ለምን እንደሆነ አትርሺ" አሉኝ። እኔ ያኔ የጨነቀኝ የሻንጣው ዚፕ ስለነበር "እሺ አባቴ" ብዬ አለፍኩት።

ለምን እንደ ወጣሁ ለሚጠይቁት ሰዎች ጽፌ ፈርሜ ሰጥቻለሁ፤ ለእናንተ አልደግመውም። በሞያሌ አድርጌ ናይሮቢ፣ ናይሮቢ ሁለት ዓመት ቁጭ፣ ከዚያ በአውሮፕላን ኖርዌይ። ብሌን ከእናቴ ጋር ጎባ ቀረች።

አሁን ያለሁባት ከተማ ከባሕሩ ዳር የተለጠፈች ትንሽ ናት። እንደ ገባሁ ሰው ሁሉ ስለ ብርዱ ያዝንልኝ ጀመር። እኔ ግን የባሌን ተራራ፣ ሳነቴን፣ በጭነት መኪና ላይ ተቀምጬ የተሻገርኩ ሰው ነኝ፤ ብርድ አያስተዋውቁኝም። የከበደኝ ሰላምታው ነው። እኛ ጋ ሰው ሰላም ሲል ስለ ልጁም፣ ስለ ከብቱም፣ ስለ ገብሱም ጠይቆ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገባው። እዚህ "ሃይ" ብለውሽ አልፈውሻል። አንድ ነገር ግን አስደሰተኝ፤ ገንፎ አላቸው! "ግሮት" ይሉታል፣ መሐሉን ጎድጎድ አድርገው ቅቤ ያስቀምጡበታል፣ ልክ እንደኛ። በደስታ ማንኪያዬን ይዤ ስጠጋ ሴትየዋ ላዩ ላይ ስኳር ነሰነሰችበት። እናቴ ብታይ እንደ ታመሙ ቆጥራ ትጠይቃቸው ነበር።

ከሁሉ በፊት የሮጥኩት ልጄን ስለማምጣት ልጠይቅ ወደ መሥሪያ ቤቱ ነው።

"ልጄን ለማምጣት ምን ያስፈልጋል?" አልኩ በአስተርጓሚ።

"ቋሚ ሥራ" አለች ሠራተኛዋ።

"ቋሚ ሥራ ለማግኘትስ?"

"ቋንቋ።"

"ቋንቋ ለመማርስ?"

"ጊዜ።"

"ጊዜ ካለፈ እኮ ልጄ ታድጋለች!"

ኮምፒውተሯን አየት አደረገችና "አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላት ገና ብዙ አላት" አለችኝ። እውነቴን ነው፣ ልታጽናናኝ ነው።

እንግዲህ የእኔ ነገር ሁሉ በዚህ ላይ ተንጠለጠለ፤ ቋሚ ሥራ ካገኘሁ ብሌን ትመጣለች። የዓሣ ፋብሪካ "ስድስት ወር ሙከራ፣ ከዚያ ቋሚ ውል" ብሎ ሲቀበለኝ አልቅሼ ቤቴ ገባሁ። በመጀመሪያው ደሞዜ ለብሌን ውስጡ ጠጉር ያለው ቦቲ ገዝቼ በሰው እጅ ላክሁላት፤ እግሯ ስለሚያድግ ቁጥሩን ከልኳ አሳለፍኩት። "እዚህ አላደርገውም፣ የኖርዌይ ነው" ብላ ከነካርቶኑ አልጋ ሥር አስቀመጠችው።

ፋብሪካው ውስጥ ማን ጠበቀኝ መሰላችሁ? አዴ ሞሚና! አንገቱ የምትባለው የባሌ ከተማ ሰው ናቸው፤ ሃያ ዓመት እዚህ ኖረው አሁንም ሲቆጡ ከሃረና ጫካ የሚጣሩ ይመስላሉ። የመጀመሪያ ቀን ፊቴን ዓይተው "ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ የየት ነሽ?" አሉኝ። "ጎባ" ስላቸው እዚያው ዓሣው መሐል አቀፉኝ። ቆቡን ከጥቁር ሻርፓቸው በላይ ያጠልቁታል፤ ፋብሪካው ለእሳቸውና እንደሳቸው ለሚሸፈኑት ሴቶች ፈቅዷል።

አለቃችን ቢዮርን ረጅም፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። አለቃን በባዶ ስሙ መጥራት አልሆን ብሎኝ "ጋሽ ቢዮርን" እለው ነበር። ጋሽ ምን ማለት እንደሆነ አዴ ሞሚናን ቢጠይቃቸው "ዕድሜው የገፋ" አሉት፤ ሳምንቱን ሙሉ ደረጃ ሲወጣ እየሮጠ ነበር።

እሱ ነው የመጀመሪያ ቀን ማተቤን ያየው።

"ጌጥ አይፈቀድም" አለኝ።

"ጌጥ አይደለም፣ የሃይማኖት ነው።"

"መቼ ነው የምትፈቺው?"

"ስሞት።"

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። "ብትፈቺው ትሞቻለሽ?"

"አይ! በሰማንያ ቀኔ ስጠመቅ ነው የታሰረልኝ፤ ስሞት አብሮኝ ይቀበራል።"

በዚያች በተሰባበረች ቋንቋዬ ምን እንደ ገባው እንጃ፤ የጤና ኃላፊዋን ጠራ፣ እሷም የደም ግፊቴን ለካችኝ። መጨረሻ ላይ ግን ቃሉ አልተለወጠም፤ ክር ዓሣ ውስጥ ሊገባ ይችላል፣ አንገት ላይ አይሆንም፣ የትም ቦታ አይሆንም።

እኔ ምን አደረግሁ? መጸዳጃ ቤት ገብቼ ማተቤን ከአንገቴ አውልቄ ክንዴ ላይ፣ ከክርኔ በላይ፣ በሦስት ልብስ ሥር አጥብቄ ጠመጠምኩት። አልጣልኩትማ! መምሬ ይልማን ደውዬ አልጠየቅኋቸውም፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ከተማም በአውቶቡስና በጀልባ ግማሽ ቀን ነው። ለራሴ ራሴ ፈረድኩ።

ችግሩ በሩ ነው። የፋብሪካው በር ላይ እንደ ቴሌቪዥን ያለ መስታወት አለ፤ በየጠዋቱ ይጠይቅሻል። ሳል አለብሽ? ቁስል አለብሽ? ቀለበት፣ ሐብል፣ ክር አለብሽ? "ናይ" ማለት የለም ነው። "ናይ" ስትጫኚ በሩ ይከፈታል። እኔም በየጠዋቱ አማትቤ "ናይ" እጫን ነበር። አማትቤ! ይባስ ብሎ ደስ ይለኝ ነበር፤ ስለ እምነቷ የምትፈተን ሴት ማለት እኔ ነኝ እያልኩ ራሴን ከሰማዕታቱ ጋር ማሰለፍ ጀምሬ ነበር።

ከቤት ሰዎች ጋር በቪዲዮ ስንገናኝ ባዶ አንገቴ እንዳይታይ ነጠላ እጠመጥማለሁ። እናቴ ደግሞ "ሁልጊዜ ከጸሎት ነው የምትነሳው፣ ያ አገር ጭራሽ ባረካት" ብላ ለጎረቤት ታወራልኛለች። ብሌን "መቼ ነው የምመጣው?" ስትል "በቅርቡ" እላታለሁ። ኋላ ላይማ "ለፋሲካ" ማለት ጀመርኩ። አንድ ጊዜ "ናይ" ከለመደ ጣት ምን ይጠበቃል?

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ሙከራዬ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ መስመሩ ድንገት ቆመ። ያ ሁሉ ማሽን ዝም ሲል ጆሮ ያማል። ቢዮርን ፊሌት፣ አጥንቱ የወጣ የዓሣ ሥጋ፣ የሞላበት ሣጥን ይዞ መጣ፤ በነጩ ዓሣ ላይ ጣት የምታህል ጥቁር ክር ተጋድማለች። ያን ቀን የወጣው ዓሣ በሙሉ ሊጣል ነው።

ሁላችንም ተሰለፍን። ቢዮርን ቆባችንን፣ ጓንታችንን፣ እጅጌያችንን አየና አዴ ሞሚና ፊት ቆመ።

"ሻርፕሽን ማየት አለብኝ።"

"ሻርፔ ምን ሆነ?"

"ጥቁር ነው። ጫፉ ላይ ክር አለው።"

"ወላሂ የለውም! በእጄ ነው የቀመቀምኩት። ሃያ ዓመት አንድ ክር ወድቆብኝ ያውቃል?"

"ከአሁን በኋላ ሻርፕ መስመሩ ላይ እንዳይኖር ልናደርግ እንችላለን" አለ፤ ጮክ አላለም፣ እሱ ጮክ አይልም። ከእሳቸው ወዲያ የቆሙት ሁለት የሶማሌ ልጆች ሻርፓቸውን በእጃቸው ያዙ።

እኔ ቀስ ብዬ ክንዴን ዳበስኩ። ቋጠሮው የለም። ላልቶ፣ ተበጥሶ፣ ጓንት ስቀይር በእጅጌዬ ወርዷል፤ የቀረችው ቁራጭ ክርኔ ላይ ተጣብቃለች።

በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን ልንገራችሁ፤ ጸሎት አይደለም። ዘጠኝ ቀን ነው ያሰብኩት። ዝም ካልኩ በዘጠኝ ቀን ውሉን እፈርማለሁ፣ ብሌን ትመጣለች፣ አዴ ሞሚናም ምናልባት ነጭ ሻርፕ ገዝተው ይለምዱታል። እንዲህ ሁሉ አስቤ ነበር። ከዚያ ሣጥኑን አየሁ። በማተቤ ብዬ ልምል ብል እንኳ ማተቤ እዚያ ዓሣ ላይ ተኝቶ ይመለከተኛል።

"የእኔ ነው" አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። ሦስቱንም እጅጌ ሰብስቤ ቁራጯን አሳየሁት። "ቢዮርን፣ የእኔ ነው። ክንዴ ላይ ነበር። በየጠዋቱ ናይ ስጫን ውሸቴን ነበር።"

ዓይኑን ጨፈን ከፈት አደረገ። "ለምን እስከ ትናንት አልነገርሽኝም?"

"ትናንት አልተገኘማ።"

እኔ ለቀልድ አላልኩትም፤ እሱ ግን ፊቱን አዙሮ ትከሻው ሲነቃነቅ አየሁ። ቢስቅም ወደ ቤቴ ከመላክ አልተመለሰም፤ "እስክንጠራሽ አትምጪ።"

አዴ ሞሚና ልብስ መቀየሪያው ድረስ ተከትለውኝ መጡ። "ማል ጎቴ! ምን አደረግሽ! አንቺ ልጅ፣ ጅል ነሽ? ዘጠኝ ቀን!"

"በእርስዎ ላይ እንዲወጣ ልተወው ኖሯል?"

"እኔማ እጮህበት ነበር፤ ጩኸት ይፈራል።" ከዚያ ዓይናቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉና "ለማንኛውም አላህ ይስጥሽ" አሉኝ።

ቤት ገብቼ መምሬ ይልማ ጋ ደወልኩ።

"ይፍቱኝ አባቴ።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ። ባጃጅ ላይ ነኝ፣ ሮቤ ገበያ ልደርስ ነው፤ ኃጢአትሽን ስወርድ ትነግሪኛለሽ።"

ወርደው ደወሉልኝና ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ክሩን ማን በጠሰው?" አሉ።

"ራሱ ነው አባቴ፣ አርጅቶ።"

"ያረጃል፣ ክር ነው። የለኝም ያልሽውስ ስንት ጊዜ ነው?"

"በየጠዋቱ።"

"በየጠዋቱ!" አሉ ከገበያው ጫጫታ በላይ። "ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"አውልቂው እንዳይሉኝ ፈርቼ።"

"አውልቂውም አልልሽ፣ ዋሽተሽ ያዢውም አልልሽ። ሌላ ሥራ ፈልጊ ነበር የምልሽ።"

"ልጄስ አባቴ?"

"እሱማ ከባድ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ፈተናም ባይከብድ ስሙ ፈተና አይባልም ነበር። በይ፣ ሰባት ቀን ስግደት፤ ያቺንም ሴት ምሳ ጋብዣት። አዲስ ክር እዚያው ግዢ፣ እኔ በስልክ እባርክልሻለሁ፤ የሚያስር እጅ ፈልጊ።"

"እዚህ ያለችው አዴ ሞሚና ብቻ ናት አባቴ፤ እስላም ናት።"

"እጅ የላትም?"

በሳምንቱ ቢዮርን ጠራኝ። ዓሣ ያለበት ክፍል ተከልክያለሁ። ካርቶን የሚታጠፍበት መጋዘን ግን ሰው ጎድሏል፤ እዚያ ክርም ሐብልም አይከለከልም። "የዚያ በር መስታወት የለውም" አለኝ፣ "ያንቺ ዓይነት ሰው ቢዋሽ ራሱ ይናገራል።" ታዲያ ሙከራው ከአንድ ይጀመራል። ሌላ ስድስት ወር።

እሁድ አዴ ሞሚናን ጋበዝኳቸው። በር ላይ ሆነው አሸተቱና "ሳምንቱን ዓሣ፣ እሁድም ዓሣ!" አሉ።

"የእኔን ሥጋ እርስዎ አይበሉ፣ የእርስዎን እኔ አልበላ። ሌላ ምን አብረን እንበላለን አዴ?"

"እሱስ ልክ ነሽ" ብለው ተቀመጡ። በሚጥሚጣ ጠብሼው ነበር፤ እጃቸውን እስኪልሱ በሉ። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አቁመን መምሬ ይልማ ከጎባ ባረኩ፣ አዴ ሞሚና ከኋላዬ ቆመው "ቢስሚላህ" ብለው ቋጠሩት። "እንዳይላላ ሁለት ጊዜ ደገምኩት" አሉ፤ መምሬም በስልኩ ውስጥ "ይበል!" አሉ፣ ሁለቱም ተሳሳቁ። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

እሳቸውን ሸኝቼ ጎባ ደወልኩ። ነጠላ አልጠመጠምኩም። ብሌን ስልኩን ያዘች፤ አሁን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ጥርሷ ሁሉ በቅሏል።

"እማዬ፣ አዲስ ማተብ!"

"አዎ። ስንት ወር ባዶ አንገቴን ነበርኩ፤ ደብቄያችሁ ነው።" እናቴ ከኋላ "ምን?" ስትል ሰማሁ፤ እሷን በኋላ አስረዳታለሁ።

"ታዲያ ለፋሲካ እመጣለሁ አይደል?"

"ለፋሲካ አይደለም ልጄ።"

"ለፍልሰታስ?"

በቅርቡ የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር።

"አላውቅም ብሌንዬ። እውነቱን ነው የምነግርሽ፤ መቼ እንደሆነ አላውቅም።"

በስተኋላዋ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ መውረድ ጀመረ። ከዚያ ስልኩን አልጋው ላይ ጣል አድርጋው ጣሪያው ብቻ ይታየኝ ጀመር፤ ካርቶን ሲጎተት ሰማሁ።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ቦቲውን እያደረግሁት ነዋ። ጭቃ ነው፣ እግሬም እያደገ ነው።"

ከዚያ በእናቴ ወለል ላይ ወዲያና ወዲህ፣ ወዲያና ወዲህ ስትራመድበት ድምፁ ይሰማኝ ነበር።

"ልክሽ ነው?" አልኳት።

"ትንሽ ጠቦኛል" አለች፤ መራመዷን ግን አላቆመችም።