መረቡ ፊት ያሳለፍነው ክረምት

ጎልፍ ሜዳ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የለበስኩት የፋብሪካ ቱታ ነበር። ሌላ የሥራ ልብስ አልነበረኝም። እዚሁ አቃቂ ካለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ከፈትል ክፍል፣ ውሌ አልቆ ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም። ጎረቤቴ "የድሮው የመሐንዲሶች መኖሪያ ግቢ ውስጥ ሰው ይፈልጋሉ" ስትለኝ ሣር አጨዳ መስሎኝ ማጭድ ይዤ ሄድኩ።

በሩ ላይ የተቀበሉኝ ሻምበል ግርማ ናቸው። ከጦሩ በጡረታ የወጡ፣ የሜዳው ዋና አሰልጣኝ። ማጭዱን አይተው ሳቁ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ለሣሩ ነው፣ ጌታዬ።"

"ሣሩን በሞተር ነው የምናጭደው። አንቺ ኳስ ትለቅሚያለሽ።" አንድ ባልዲና የብረት ቆብ ሰጡኝ። "ሰው እየመታ ጀርባሽን እንዳትሰጪ። ከዳር ጀምረሽ ወደ መሐል ነይ።"

ጎልፍ የሚባል ነገር በቴሌቪዥን እንኳ አይቼ አላውቅም ነበር። የእኛው ደግሞ መለማመጃ ብቻ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ምንጣፎች በረድፍ ተዘርግተዋል፤ ሰው እዚያ ላይ ቆሞ ኳሱን በጎልፍ ዱላ ወደ ረጅሙ ሜዳ ይመታል። በርቀት በርቀት የሜትር ልክ የተጻፈባቸው ሰሌዳዎች ተተክለዋል። ውድድርና ፈተና የሚካሄድበት ትልቁ ሜዳ ከተማው ውስጥ ነው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት አንድ ኳስ መጥቶ ባልዲዬን ሲመታው መሬት ላይ ተዘረርኩ። ረድፉ በሙሉ ሳቀ። ሻምበል አልሳቁም። "ዱላ አውርዱ! ሰው ሜዳ ላይ ነው!" ብለው ጮኹና ተነስቼ እስክወጣ ማንም እንዳይመታ አደረጉ። ማታ ቤቴ ገብቼ ነገ ልቅር ወይስ ልሂድ ብዬ ሳስብ፣ እንድሄድ ያደረገኝ ያ ጩኸታቸው ነው።

ከኳስ ለቃሚነት ወደ ዕቃ ክፍል ተዛወርኩ። ሥራዬ ዱላ ማጠብና ያለቀውን የመያዣ ጎማ መቀየር ሆነ። ጎማው የት ጋ እንደተበላ እያየሁ ባለቤቱ ጣቶቹን እንዴት እንደሚያሳርፍ መገመት ጀመርኩ። ሻምበል ይህንን አይተው ረዳት አሰልጣኝ አደረጉኝ፤ እሳቸው ሥራ ሲያቆሙ ደግሞ ቦታቸውን ወረስኩ። ለአንዲት የፈትል ክፍል ሠራተኛ ቀላል ነገር አልነበረም። "ሴትዮዋ ናት የምታሠለጥነኝ?" ብሎ ወደ ቢሮ የተመለሰ ደንበኛም አለ።

ደንበኞቻችን የተለያዩ ናቸው። አብዛኞቹን የሚያመሳስላቸው አንድ ጥያቄ ነው፤ "ስንት ሜትር ሄደ?" ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚመጣ አንድ ኢንጂነር ገና ዱላው ሳይወርድ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ ሰሌዳው ያያል። አንገቱ ሲነሳ ትከሻው ይነሳል፣ ትከሻው ሲነሳ ዱላው የኳሱን አናት ይፍቃል። "እባክህ ኳሱ የነበረበትን ቦታ እያየህ ጨርስ" እለዋለሁ። "እሺ" ይላል። ቀጥሎም አንገቱ ይነሳል። ጥሩ ሰው ነበር። በመጨረሻ ጥፋቱ የዱላው ነው ብሎ አዲስ ዱላ ገዛ።

ሐያት የተቀጠረችው እንግዳ መቀበያ ላይ ነው። አባቷ አቶ ሰይድ ከወሎ መጥተው አቃቂ የከተሙ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። ልጅቷ ደንበኛ ሲጠፋ ምንጣፍ ላይ ትወጣና ትመታለች። ማንም አላስተማራትም፤ አይታ ነው የተማረችው። ስትመታ ግን ረድፉ መምታቱን አቁሞ ያያታል። ከወንዶቹ አስበልጣ የመጨረሻውን ሰሌዳ ታሳልፋለች፤ እነሱም ቆመው ያጨበጭቡላታል።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ዳንኤል ይህንን አየና ረዳት አሰልጣኝ ሊያደርጋት ፈለገ። ለዚያ የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ ምስክር ወረቀቱን ለማግኘት ደግሞ በትልቁ ሜዳ ላይ ፈታኝ ፊት ተጫውቶ ከተወሰነ የምት ብዛት ሳያልፉ መጨረስ ግድ ነው። ፈተናው ክረምቱ እንደወጣ ይሆናል ተባለ።

አንድ ቀን ካፌው ውስጥ አብረን ሻይ ስንጠጣ ብርጭቆውን በግራ እጇ ስታነሳ አየኋት። ሐያት ቀኝ እጅ ናት።

"እጅሽ ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነም፣ ኮች።"

"እጅጌሽን ሰብስቢው እስቲ።"

አንጓዋ በፋሻ ተጠቅልሏል። አብጧል። ኳሱን በሙሉ ሰውነቷ ሳይሆን በአንጓዋ ብቻ እየገረፈች እንደምትልከው አውቅ ነበር፤ ይህን ያህል ይጎዳታል ብዬ ግን አልጠረጠርኩም። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሐኪሟ እጇን አገላብጣ አየችና እንድታሳርፈው አዘዘች። "ካረፈ ይድናል። ተመልሳ እንደዚያው የምትመታ ከሆነ ግን ጅማቱ መትረፉን እንጃ" አለችኝ።

እጇ እንዳረፈ አመታቷን ከሥሩ ልለውጠው ወሰንኩ። ለአቶ ዳንኤል ስነግረው ከወንበሩ ተነሳ።

"ትርሲት፣ ፈተናው ደርሷል እኮ። የሚሠራ ነገር ለምን ትነኪያለሽ?"

"የሚሠራው እጇን እየበላ ነው።"

"ትለፍና ከዚያ ታስተካክያታለሽ።"

"እስከዚያ እጅ ላይኖራት ይችላል።"

በመስኮት ወደ ሜዳው አየ። "ከወደቀች ቦታውን ባዶ ማቆየት አልችልም። ከሌላ ቦታ ሰው አመጣለሁ። ምክንያቱን ሲጠይቁኝም ያንቺን ስም ነው የምጠራው" አለኝ። ክፉ ሰው ስለሆነ አልነበረም፤ እሱም ከበላዩ የሚጠይቀው አለ።

አቃቂ ከሚገኝ ብየዳ ቤት የብረት ፍሬም አሠራሁና ወፍራም መረብ ወጠርኩበት። ከጣሪያው ጫፍ፣ ከምንጣፉ ጥቂት እርምጃ ራቅ አድርጌ አቆምኩት። ኳሱ ከምንጣፉ ተነስቶ ወዲያው መረቡ ውስጥ ይሰምጣል። ቀኝ ይሂድ ግራ፣ ሩቅ ይሂድ ቅርብ፣ አይታወቅም።

ሐያት መረቡን ስታይ ፊቷ ጠቆረ።

"ኮች፣ ኳሱ የት እንደሄደ ካላየሁ ምኑን ልማረው?"

"የት እንደሄደ አሁን አያገባንም። እግርሽ የት እንደቆመ፣ ጣቶችሽ እንዴት እንደያዙ፣ መትተሽ ስትጨርሺ ሚዛንሽን ጠብቀሽ መቆምሽን ብቻ ንገሪኝ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ደግሞ እንደገና።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መነጋገር ስለማንችል በምልክት እንሠራ ነበር። መጀመሪያ ያለ ኳስ፣ ዱላውን እስከ ወገቧ ብቻ አንስታ እንድታወርድ አደረግኩ። ቀጥሎ በአጭር ምት። ወገቧ ከመዞሩ በፊት አንጓዋ ሲቀድም ትከሻዋን ነካ አደርጋታለሁ፤ ታቆምና ከአቋቋሟ ትጀምራለች። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ከመናገሯ በፊት ቀጥ ብላ ቆማ አንድ ትንፋሽ ትጨርሳለች። አሰልቺ ነው። እኔም ሰልችቶኛል።

ዝናቡ ጋብ ባለ አንድ ቅዳሜ "አንዴ ብቻ ወደ ሜዳው ልምታ" ብላ ለመነችኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። የድሮ አጨብጫቢዎቿ ተሰበሰቡ። የመጀመሪያው ኳስ በስተቀኝ ወጥቶ አጥሩን መታ። ሁለተኛው መሬት ለመሬት ተንከባለለ። ከዚያ በኋላም አልተሻላትም። አንዱ "ልጅቷን አበላሿት" አለ፤ ጮክ ብሎ ነው ያለው። ሐያት ዱላውን ምንጣፉ ላይ ጣለችና ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

ሰኞ አልመጣችም። ማክሰኞም አልመጣችም። አቶ ዳንኤል በመረቡ አጠገብ ሲያልፍ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። እኔ ራሴ ያ ቅዳሜ ዕለት የጮኸው ሰውዬ እውነቱን ይሆን እንዴ ማለት ጀመርኩ። አንዲትን ልጅ ከምትችለው ነገር ላይ አንስቼ ከማትችለው ላይ ጥያት ቢሆንስ?

ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ባጃጅ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። አቶ ሰይድ በር ላይ ተቀብለው አስገቡኝ።

"እህቴ፣ መምጣትሽ ደግ ነው። ግን ልጄ እየተቃጠለች ነው። በፊት ስትመታ ደስ ብሏት ነበር የምትገባው፤ አሁን ደስታውም የለ። የወንድሜ ልጅ መለዋወጫ ሱቅ አለው፤ እዚያ ትቀመጥ።"

"መብቷ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃትና እሄዳለሁ።"

ሐያት ከጓዳ ወጥታ መጋረጃው አጠገብ ቆመች። ዓይኔን አላየችም።

"እጅሽ ያምሻል?" አልኳት።

"ምን?"

"ቀኝ እጅሽ። አንጓሽ።"

አንጓዋን አዞረችው። ወደ ውስጥ አጠፈችው፣ መልሳ ዘረጋችው።

"አያመኝም" አለች ቀስ ብላ። "ቆይ… ከመቼ ጀምሮ ነው ያላመመኝ?"

"ቅዳሜ እነዚያን ሁሉ ኳሶች ስትመቺስ?"

"አላመመኝም።"

አባትየው እጇን ተቀብለው ራሳቸው አገላብጠው አዩት። ማበጡንም አላወቁም ነበር ለካ። "ይህን ከእኔ ደበቅሽ?" አሏት፤ ከዚያ በላይ አልተቆጡም። ወደ እኔ ዞሩና "ነገ በስንት ሰዓት ነው የምትፈልጊያት?" አሉኝ።

በማግሥቱ እኔ ስደርስ መረቡ ፊት ቆማ አገኘኋት። ከዚያን ቀን ወዲህ ኳሱ የት ሄደ ብላ አልጠየቀችኝም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል መረቡን ስናነሳው ኳሶቿ እንደ ድሮው ሩቅ አይሄዱም ነበር። ግን ዛሬ የሄዱበት ነገም ይሄዳሉ። እሷም ያልሆነ ምት ሲወጣ ምክንያቱን ራሷ ትነግረኛለች፤ "እግሬን ከፈትኩት" ወይም "ቸኮልኩ" ትላለች።

ለፈተናው አቶ ሰይድ በራሳቸው አይሱዙ ወሰዱን፤ ሦስታችንም ጋቢና ውስጥ ተጣበን። ሳሪስ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ሲያቆመን አባትየው መሪውን በጣታቸው ይመታሉ። ሐያት ዓይኗን ጨፍና ጣቶቿን ጉልበቷ ላይ ዱላ እንደያዘች አድርጋ ታስተካክላለች።

አሰልጣኝ ወደ ውስጥ መግባት አይፈቀድለትም። እኔና አቶ ሰይድ አጥሩ አጠገብ ቆምን። የመጀመሪያ ምቷ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። አባትየው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

"አለቀ በይኛ!"

"ይቆዩ እስቲ።"

ቁጥቋጦው ድረስ ሄደች። እግሯን አስተካከለች፣ ጣቶቿን አሳረፈች፣ ሩቅ ልላከው ሳትል ኳሱን ወደ ጎን ብቻ አወጣችው። መትታ ስትጨርስም ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ከዓይናችን ራቀች።

ከዚያ በኋላ የምናያት አልፎ አልፎ፣ በዛፎቹ መካከል ብቻ ነው። አቶ ሰይድ በታየች ቁጥር "ስንት ሆነች?" ይሉኛል።

"እኔም አላውቅም።"

"አሰልጣኝ አይደለሽ እንዴ!"

"ቁጥሩን ከዚህ ሆኜ ማየት አልችልም። አቋቋሟ ግን ከጠዋቱ አልተለወጠም።"

ጨርሳ ስትወጣ ፊቷ በፀሐይ ቀልቷል። አባቷ ቀደሙኝ። "ስንት ሆንሽ?"

"አልቆጠርኩም፣ አባቢ። ፈታኙ ጋ ነው ያለው።"

"እንዴት አትቆጥሪም?"

"ረሳሁት" አለች፤ የእውነት ገርሟታል። "ከቁጥቋጦው በኋላ ረሳሁት።"

ፈታኙ ደምሮ፣ ደግሞ ደምሮ፣ ስሟን ጠራ። አልፋለች። በሰፊ ልዩነት አይደለም፤ ለጥቂት ነው። አቶ ሰይድ "አልሐምዱሊላህ" ብለው የመኪናቸው መወጣጫ ላይ ተቀመጡና ውሃ ጠየቁ። ሐያት ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። እኔ አጥሩን ደገፍ ብዬ ቆምኩ። ያን ክረምት ሙሉ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ሲወርድ ተሰማኝ፤ ጀርባዬ ሁሉ ቀለለኝ።

ለአቶ ዳንኤል ደወልኩ።

"አለፈች" አልኩት።

"በስንት?" ይለኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን "እጇስ?" አለኝ።

"ደህና ነው።"

"እሰይ። እሰይ፣ ትርሲት።" ሲተነፍስ በስልኩ ውስጥ ተሰማኝ። ለካ እሱም ክረምቱን ሙሉ ተጨንቆ ነበር የከረመው።

አሁን እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ሐያት ረድፉ ላይ ታሠለጥናለች። ሙያውን ለምትጀምሩ የምነግራችሁ ይህን ነው። ኳሱ ከዱላው ከተለየ በኋላ አሰልጣኝም ተጫዋችም የሚያደርጉት ነገር የለም። በልምምድ ሰዓት መያዝ የሚቻለው ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ እግር፣ ጣት፣ ወገብ፣ ትንፋሽ። እሱ ላይ ስትሠሩ ውጤቱ ለጊዜው ሊብስ ይችላል። ይዘገያል፤ አንዳንዴም አይመጣም። ተማሪው ግን በጤናው ነገ ተመልሶ መለማመድ ይችላል።