ዜና አንባቢዋን ሊያዩ የሚመጡት ሰውዬ

የሳተላይት ኩባንያውና የአንዱ ትንሽ ጣቢያ ባለቤት በውል ተጣልተው ጣቢያው ከዲሽ ከጠፋ ወዲህ፣ አንድ ከረባት ያሰሩ አዛውንት ጸዳለ የምትሠራበት፣ በፈረንጅ አገር ሊንደሩድ ሰፈር ያለ የቴሌቪዥን መሸጫ ይመላለሳሉ። ሱቁ ኬብል ስላለው ጣቢያው እዚያ ይታያል። «ቴሌቪዥን እየመረጥኩ ነው» ይላሉ፤ ሲመርጡ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። ሐበሻዋ ዜና አንባቢ ብቅ ስትል ግን ኮፍያቸውን ያወልቃሉ።

«ጉንፋኑ ለቀቃት» አሉ ዛሬ፣ ለራሳቸው።

«አባባ፣ ኩባንያውና ጣቢያው ታረቁ እኮ!» አለቻቸው ጸዳለ። «ከነገ ጀምሮ ቤትዎ ሆነው ያዩታል።»

ፊታቸው አልፈካም። «ቤትማ ብቻዬን ነኝ፣ ልጄ። ‹ጎበዝ ናት አይደል?› ብዬ ማንን እጠይቃለሁ?»

ጸዳለ «ምንዎ ናት?» ልትል ከጀለችና ተወችው። ወንበር ስባ ከጎናቸው ተቀመጠች።

«አዎ፣ በጣም ጎበዝ ናት» አለች።