የሠላሳዎቹ ሰዎች ክብደት

ቦሰና እህል በረንዳ ውስጥ ጆንያ መስፋት ከጀመረች ሠላሳ አንድ ዓመት ሆናት። ከመንዝ የመጣችው አክስቷን ልትጠይቅ ነበር፤ አክስቷ የጆንያ መርፌ አስጨበጠቻትና ጥየቃው በዚያው ቀረ። በአንድ ነገር ማንም አይችላትም። የተሞላ ጆንያ ከሩቅ አይታ ስንት ኪሎ እንደሆነ ትናገራለች፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ ቢበዛ ሁለት ኪሎ ብትስት ነው። የእህል ነጋዴዎቹ ይህን ችሎታዋን አይወዱላትም። ከላይ የሚታየውን ጆንያ አስተካክሎ ሞልቶ ከሥር ያሉትን የሚያጎድል ሰው ካየች በሰው ፊት ታዋርደዋለች፤ እናቱንም አባቱንም አትምርም። እንግዲህ አሁን የምነግራችሁን ያደረገችው ይህችው ሴት ናት፤ ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር።

ነገሩ የመጣው በአንድያ ልጇ በዘመድኩን በኩል ነው። ዘመድኩን የአየር ማረፊያ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሠራተኛ ሆኖ ከተቀጠረ ዓመት አልሞላውም፤ ገና በሙከራ ላይ ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ የልምምድ ማዕከል እየወሰዱ፣ አሸባሪዎች አውሮፕላን ቢጠልፉ፣ ቦምብ ቢያፈነዱ፣ ምን እንደሚደረግ ያለማምዷቸዋል። እዚያ አሮጌ አውሮፕላን አለ፣ የውሸት ጭስ አለ፣ ኮምፒውተር የሞላው ክፍል አለ። የጠፋው ተጎጂው ነበር። ከውጭ ይመጣሉ የተባሉት የልምምድ አሻንጉሊቶች ዛሬ ነገ ሲባል ቀሩ። ዘመድኩን ታዲያ «እናቴ ትሰፋቸዋለች» ብሎ አፉን ሞልቶ ተናገረላት።

ትእዛዙ ሠላሳ ሰው ነው፤ እያንዳንዱ ሰባ አምስት ኪሎ። ቦሰና ወፍራም ሸራ ቀድዳ ራስና እጅ እግር አወጣችለት። ለክብደቱ አሸዋ፣ ለገላው የሰልባጅ ቁራጭና ከእንጨት ቤት የመጣ ሰጋቱራ። የመሳለሚያ ሰው በበሩ ባለፈ ቁጥር «ቦሱ፣ ደግሞ ሬሳ መስፋት ጀመርሽ?» እያለ ይስቅባታል። እሷም «የአንተን ልክ አምጣ» እያለች ትመልሳለች። ሦስቱን እንደ ትእዛዙ ሞልታ ጨረሰች።

አራተኛውን ስትጀምር ዘመድኩን ከልምምድ መጣ። ወገቡን በሁለት እጁ ይዞ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ተደግፎ ገባ። አንድ ከባድ ጓደኛውን ተሸክሞ ሲወጣ ወድቋል፤ አለቃውም አይቶታል። በትልቁ ልምምድ ላይ ቡድኑ ካልተሳካለት በሙከራ ላይ ያለ ሁሉ ይሰናበታል ተብሏል። ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማውለቅ አቅቶት እሷ አወለቀችለት። የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ ነው።

በማግስቱ አሸዋውን ቀነሰች፣ ሰጋቱራውን ጨመረች። ሃያ ሰባቱ ሃምሳ ሃምሳ ኪሎ ሆኑ። ሆዳቸውም ደረታቸውም ሙሉ ነው፤ ላያቸውን ያየ ከሦስቱ አይለያቸውም። ከሷ ጋር የሚውለው ተሸካሚ ሽኩር አንዱን ሊያነሳ እንደለመደው ኃይሉን አሰባስቦ ጎንበስ ቢል፣ ሰውዬው ሳይታሰብ ብድግ አለለት።

«እትዬ ቦሰና፣ ይሄ ሰውዬ ምግብ አልቀመሰም እንዴ?» አላት።

«አንተ ዝም ብለህ ጫን።»

አሻንጉሊቶቹን የተረከቡት ሰዎች ሦስት መርጠው መዘኑ። የመረጡት ከላይ የተጫኑትን ሦስቱን ነው፤ ማን ከላይ እንዳስቀመጣቸው መቼም አይጠፋችሁም።

በትልቁ ልምምድ ቀን፣ የተቀደደ ቢኖር እንድትሰፋ፣ መርፌና ሲባጎዋን ይዛ እንድትመጣ ተጠራች። ውጭው ጭስ ስለሆነ ኮምፒውተሮቹ ያሉበት ክፍል አስቀመጧት። ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር የመቆጣጠሪያ ማማ መስኮት ይመስላል፤ ማኮብኮቢያው፣ ደመናው፣ ሩቅ ያለው ተራራ ሳይቀር ይታያል። ወጣት የበረራ ተቆጣጣሪዎች ፊቱ ተቀምጠው በማይክሮፎን ያወራሉ። አንድ አውሮፕላን ከደመናው ወጥቶ ወደነሱ ሲመጣ ቦሰና አማተበች።

«አይፍሩ እትዬ፣ ሥዕል ነው» አለቻት ይህን ሁሉ የምታንቀሳቅሰው ማርያማዊት የምትባል ወጣት መሐንዲስ።

በሥዕሉ ላይ የተጠለፈው አውሮፕላን አረፈ፤ ጅራቱ ላይ ቦምብ ፈነዳ። በዚያው ቅጽበት፣ በጎን ባለው እውነተኛ መስኮት ሲታይ፣ ውጭ ሜዳው ላይ አሥራ ሁለት ሰዎች ወደ አሮጌው አውሮፕላን ሮጡ። ዘመድኩን የመጀመሪያውን ሰው በብብቱ ሥር ይዞ እየጎተተ ወጣ፣ ጥሎት ተመልሶ ገባ፣ ደግሞ ሌላ ይዞ ወጣ። ስድስት ደቂቃ ሳይሞላ ሠላሳውም ሣሩ ላይ ተደረደሩ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ቦሰናማ እልል ልትል ትንሽ ነበር የቀራት።

ማርያማዊት ሰዓቱን ወደ ኮምፒውተሩ አስገባችና ፈገግ አለች። «ኮምፒውተሩ እስከ ዛሬ አሥራ ሁለት ሰው ይግባ ነበር የሚለን። አሁን በዚህ ፍጥነት ስድስት ይበቃል አለ። የቀሩት ሁለተኛ ቦምብ ቢኖር ተብሎ ርቀው ይቆማሉ። እውነተኛ ጥቃት ቢደርስም በዚህ ቁጥር ነው የሚታዘዘው።»

«የሚገቡት እነማን ናቸው የኔ ልጅ?»

«ዛሬ የፈጠኑት ናቸዋ። የእርስዎ ልጅ አንደኛ ነው።»

ቦሰና መርፌውን ከጣቷ አስቀመጠች። «ሰዎቹ ከዚህ ቢከብዱስ?»

«ሰባ አምስት ኪሎ እኮ ናቸው። ተመዝነው ተፈርሞባቸዋል።»

መናገር የነበረባት ያኔ ነው። ግን ውጭ ጓደኞቹ ልጇን ትከሻቸው ላይ አውጥተውት ሲስቅ ታያለች፤ መርፌና ሲባጎዋን ሰብስባ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ዘመድኩን ቋሚ ሆነ፣ ከስድስቱ አንዱ ተባለ፤ ለእናቱም ሻሽ ገዛላት። እሷ ግን ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ሚኒባስ የሚጠብቀውን ሰው ሁሉ በዓይኗ መመዘን ያዘች። ያ ሰማንያ። ያ ሰባ ሁለት። ያቺ ዘንቢል የያዘች ወፍራም ሴትዮ ዘጠና አምስት። ሃምሳ ኪሎ የሆነ ሙሉ ሰው እያሰሰች ትቆማለች፤ ካገኘችም ወይ በሽተኛ ነው፣ ወይ ገና ያልጠና ልጅ። ሁሉንም ደግሞ እዚያ ጭስ ውስጥ ታስተኛቸዋለች፣ ልጇን ትልክባቸዋለች።

ነገሩን ለሽኩር አወራችለት። «እትዬ፣ ማን ያውቅብኛል ብለው ነው?» አላት። «አላህ ይጠብቀን እንጂ ቦምቡስ የታል?»

«የማይመጣ ከሆነ ታዲያ ለምን ያለማምዷቸዋል?»

ሽኩር የተሰፋውን ጆንያ ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ልጇን ወደ መስፊያ ቤቷ ይዛው ሄደች። ገበያው ዝግ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ከባዶ ጆንያ በቀር ምንም የለም። ሳታስረዝም ሁሉንም ነገረችው። ዘመድኩን መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ፊቱ ጠቆረ።

«ለማን ነገርሽ?»

«ከሽኩር ሌላ ለማንም።»

«እንግዲያው ለማንም እንዳትናገሪ። እናቱ ሰጋቱራ ሞልታለት አንደኛ ወጣ ልባል ነው?»

«ስድስት ሆናችሁ እኮ ነው የሚያስገቧችሁ ልጄ። በእኔ ምክንያት።»

«እችላለሁ እማዬ! ሰባ አምስትም እችላለሁ። ያኔ ወገቤን አሞኝ ነው እንጂ።»

ቦሰና ነጠላዋን አውልቃ ሚስማር ላይ ሰቀለች። ከዚያ ሲሚንቶው ላይ በጀርባዋ ተዘረጋች።

«አንሳኝ።»

«ምን እያልሽ ነው?»

«ሰባ ስምንት ኪሎ ነኝ። ቦምብ መቶኛል። በሩ ያውልህ።»

ዘመድኩን ተናደደ፤ በንዴቱም በብብቷ ሥር ይዞ እየጎተተ በሩ ጋ አደረሳት። «ይኸው! አላልኩሽም?» አለ እያለከለከ። እሷ ተነሳች፣ ልብሷን ሳታራግፍ ተመልሳ ሄደችና እዚያው ቦታዋ ላይ ተኛች።

«ይሄ አንዱ ነው። ሠላሳ ለስድስት ሲካፈል አምስት አምስት ይደርሳችኋል።»

ሁለተኛውን ሲጎትት ሁለቴ ቆመ። አንገቱ ላይ ላቡ ወረደ። በሦስተኛው መንገዱን አላጋመሰም፤ ወገቡ ጠቅ አደረገውና እጁ ለቀቃት። በጉልበቱ ወደቀ። ቦሰና የልጇን ፊት ከታች ወደ ላይ አየችው፤ ያን ጊዜ ልቧ በምን እንደቆረጠ እግዜር ይወቀው እንጂ ልትደግፈው አልተነሳችም።

«እማዬ፣ በቃ ተነሺ።»

«እኔ መነሳት አልችልም፣ ተጎድቻለሁ። ከኋላዬ ደግሞ ገና ሁለት ሰው አለ።»

ዘመድኩን እንደተንበረከከ አለቀሰ፤ ከወገቡ ይልቅ ኀፍረቱ ነው ያስለቀሰው። ሲበቃው ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ ስልኩን አወጣና የማርያማዊትን ቁጥር ፈልጎ ደወለ። «ሄሎ፣ ዘመድኩን?» የሚል ድምፅ መጣ። እሱ ስልኩን ወደ እናቱ ዘረጋ።

ቦሰና እንደተኛች እጇን ዘርግታ ስልኩን ተቀበለችው።

«የኔ ልጅ፣ ቦሰና ነኝ፣ ጆንያ ሰፊዋ። ሰዎቹን መልሱልኝ፤ አጉድያቸዋለሁ።»