ለባትሪው የሚሆን ውሃ

ይርጋን ያስቸገረው ጨለማው ሳይሆን ጨለማው የሚመጣበት ሰዓት ነበር። በአርብ ገበያ ከተማ ቀን ቀን በትንሽ ሱቁ ሰዓትና ሬዲዮ ይጠግናል፤ ሲመሽ ቤቱ የመሠረተ ትምህርት ክፍል ይሆናል። ተማሪዎቹ ሴቶች ናቸው፤ እጃቸው ከሥራ የሚፈታው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው።

መብራቱ ከወፍጮ ቤቱ ሞተር በሽቦ ተስቦ ይመጣል። ናፍጣ ሲጠፋ ሞተሩ ይቆማል፤ ሴቶቹም ጣታቸውን ፊደሉ ላይ እንዳደረጉ ጨለማ ይውጣቸዋል። በኩራዝ እንዳይቀጥሉ ነጭ ጋዝ ከኅብረት ሱቁ ከጠፋ ሰንብቷል። በመጨረሻ የቀበሌው ሊቀመንበር መጥቶ፣ «ወይ በቀን አስተምራቸው፣ ወይ ክፍሉ ይዘጋ» አለ። በቀን ማን ሊመጣ? ለሴቶቹ ሁለቱም አንድ ነበር።

የሰባ ሰባቱ ድርቅ አልፎ የእርዳታ ሠራተኞች መጠለያቸውን ሲነቅሉ፣ ሬዲዮናቸውን ይጠግንላቸው ስለነበር የሚፈልገውን እንዲመርጥ ጠየቁት። ብርድ ልብስም ድንኳንም ነበረ። ይርጋ ጣሪያቸው ላይ የነበረውን፣ ከፀሐይ የመብራት ኃይል የሚያወጣውን ጥቁር ሰሌዳ ጠየቀ። እስከ ዛሬ የሰጡትን ሰዎች እያነሣ ይመርቃቸዋል። ባትሪውን ደግሞ የጭነት መኪና ነጂው ገብረ ሕይወት፣ አሮጌ ቢሆንም እየሠራ ያለውን፣ ንፋስ መውጫ ከተማ ላይ ሰጠው። አሲዱ እንዳይፈስ በጭድ ታቅፎ በአህያ መጣ።

«ሰሌዳው ላሟ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይታለባል» ብሎ አስረዳቸው። «ወተቱ የሚጠራቀምበት ቅል ደግሞ ባትሪው ነው። ማታ የምንጠጣው ከቅሉ ነው።»

«ታዲያ ላሟ ክረምት ትነጥፋለች?» አለች ላቀች። አረቄ አውጥታ የምታድር ጎረቤቱና ተማሪው ናት፤ ሳትጠይቅ የምታልፈው ነገር የለም።

«አትነጥፍም፤ ወተቷ ይቀንሳል እንጂ።»

በዚያ ሰሞን አምፖሉ ሳይንቀጠቀጥ በራ። ሊቀመንበሩም በበሩ ሲያልፍ አየውና ክፍሉ ይዘጋ ማለቱን ተወ። ይርጋ ግን ባትሪው ውሃ እንደሚጠጣ፣ ተራ ውሃም እንደማይሆነው ለተማሪዎቹ ነግሮ፣ የባትሪ ውሃ ፍለጋ ንፋስ መውጫ ወጣ። ባዶ እጁን ተመለሰ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መብራቱ ገና ሳይመሽ ይደክም ጀመር፤ ከዚያም ጨርሶ ጠፋ። ይርጋ የባትሪውን ክዳኖች ሲከፍት ቀዳዳዎቹ ሁሉ አፍ አፋቸው ድረስ ሞልተዋል።

«ማን ነው የሞላው?»

«እኔ ነኝ» አሉ እማሆይ ታንጉ፣ ከተማሪዎቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት መነኩሴ። «አንተ በሌለህ ጊዜ ጎድሎ አየሁት። ተራ ውሃ አይሆነውም አላልክም? ከሚካኤል ጠበል ቀድቼ ሞላሁት። ብርሃን ለሚሰጥ ዕቃ ከዚህ የተሻለ ውሃ ከየት ይመጣል?»

ይርጋ ሊቆጣቸው አልቻለም። ቁልቁለቱን ወርደው፣ ዳገቱን ተሸክመው ወጥተው ነው ያመጡት።

«እማሆይ፣ ጠበሉ ለሰው ነው። ይህን ዕቃ ግን ውሃው ውስጥ የሟሟው ድንጋይ ያንቀዋል።»

«ድንጋይ አላየሁበትም።»

«ውሃ የሚያፈሉበት ድስት ከሥሩ ነጭ ቅርፊት አልያዘም?»

«ይዟል።»

«እሱ ነው።»

«የእኔም ማሰሮ ይይዛል» አለች ላቀች። «በሸምበቆው አልፎ የሚወርደው አረቄ ግን እንደ ዕንባ የጠራ ነው።»

ይርጋ ወደ እሷ ዞሮ ቆመ። እንፋሎት ሲነሣ ድንጋዩን ማሰሮው ውስጥ ትቶት እንደሚነሣ ያውቅ ነበር፤ ከጎረቤቱ ቤት በየሳምንቱ ይህ እንደሚሠራ ግን አንድ ቀን አላሰበውም። «ጌሾም ብቅልም ሳትጨምሪ፣ ውሃ ብቻ ብታፈይበትስ?»

«ውሃ አውጥቼ ልሸጥ? ሰው አብዳለች ይለኛል» ብላ ሳቀች። ቢሆንም በማግስቱ እሳቱን አነደደች።

የመጀመሪያው ውሃ አረቄ አረቄ ሸተተ። እማሆይ አሽትተው፣ «ይህን ከሰጣችሁት ፊደሉ ሁሉ ሲንገዳገድ ያድራል» አሉ። ላቀች አዲስ ማሰሮና አዲስ ሸምበቆ አመጣች፤ መጋጠሚያውን በሊጥ ለሰነችው። ይርጋ ከምንጩ ውሃና ከላቀች ውሃ አንድ አንድ ጠብታ መስታወት ላይ አድርጎ ፀሐይ ላይ አስቀመጠ። ሲደርቁ የምንጩ ነጭ ክብ ተወ፤ የላቀች ምንም አልተወም። ይርጋ መስታወቱን ለመንገደኛው ሁሉ ሲያሳይ ዋለ።

የመጀመሪያው ባትሪ አልዳነም። ገብረ ሕይወት ስቆ ስቆ፣ «ይህኛውን ደግሞ እንዳታጠምቁት» ብሎ ሌላ ሰጣቸው። ይኸኛው ከላቀች ውሃ በቀር ሌላ አልቀመሰም፤ ክፍሉም ሳይዘጋ ቆየ። ላቀች ስሟን መጻፍ ከቻለች በኋላ አረቄ መሙያ ጠርሙሶቿ ላይ ሁሉ ጽፋዋለች።

አሁን ሰኔ ገብቷል፤ የጋይንት ጉም ሰሌዳው ላይ ይተኛል፤ መብራቱም ደከም ብሏል። የመሠረተ ትምህርቱ ፈተና ከክረምቱ በኋላ ስለሆነ እስከዚያ መድረስ አለባቸው። ይርጋ ሰሌዳውን ከጣሪያው አውርዶ፣ በአሮጌ ሞፈር ላይ አስሮ ደጁ ላይ አቁሞታል። ጉሙ ሲገለጥ ፀሐይዋ ወዳለችበት እንዲዞር ነው። ቀን ቀን ሱቁ ውስጥ ስለሚውል የሚያዞርለት ሰው ፈለገ።

ዛሬ ጠዋት እማሆይ ታንጉ ዳዊታቸውን ይዘው ከሞፈሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ደመናው በምሥራቅ በኩል ትንሽ ሲሳሳ ተነሡና ሞፈሩን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እንዲህ ነው?»

«ትንሽ ወደ ግራ፣ እማሆይ» አለ ይርጋ።