ከወጥመዱ በላይ ያለው አበባ

ትናንት ቸርችል ጎዳና፣ አንድ አበባ መሸጫ ደጃፍ ላይ ዝንብ የሚበላ ተክል አየሁና ቆምኩ።

ፒያሳ ሳለን ጎረቤታችን የነበሩት ጋሽ ተሰማ፣ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር፣ እንዲህ ያለውን ተክል መስኮታቸው ላይ ያሳድጉ ነበር። አንድ ረፋድ እኔንና ታላቅ እህቴን ሂሩትን ጠሩን። ነፍሳት ሲያርፉባቸው እንደ አፍ ከሚከደኑት ቀያይ ጥርሳም ቅጠሎች መሀል ረጅም አገዳ ወጥቶ፣ ጫፉ ላይ ነጭ አበባ ፈክቷል።

«አበባው ለምን ከአፉ ራቀ?» አልኳቸው።

«ንብ የአበባውን ዱቄት ካላደረሰችለት ዘር አያፈራም። የምታገለግለውን ንብ እንዳይበላት አበባውን አርቆ ይሰቅለዋል።»

ወዲያው አንዲት ንብ መጣች። ቀስማ ስትጨርስ፣ ሆዷ በዱቄት ቢጫ እንደሆነ፣ ወደ ታች ወረደችና ቅጠሉ ተከደነባት። ከውስጥ ድምፅዋ ይሰማ ነበር። ልከፍትላት እጄን ስዘረጋ ጋሽ ተሰማ ያዙኝ፤ ዓይናቸው ግን ሂሩት ላይ ነበር። ደላላ ለቤት ሠራተኝነት ዐረብ አገር ሊልካት ስለሆነ ፓስፖርቷን አውጥታ ነበር።

«ልጄ፣ የምትሄጂበትን ቤት አጣርተሻል?» አሏት።

«ጋሼ ደግሞ! እኔ ንብ ነኝ እንዴ?» ብላ ሳቀች።

በሳምንቱ ሄደች። አንድ ጊዜ ብቻ ደውላ፣ «ደርሻለሁ፤ ሰዎቹ ደህና ናቸው» አለችን።

አበባ ሻጯ «ልስጥሽ?» ስትለኝ ራሴን ነቅንቄ አለፍኩ። ከፒያሳ ብንለቅም፣ ሂሩት የምታውቀውን የቤታችንን ስልክ ቁጥር እስከ ዛሬ አልቀየርንም።